መንትዮቹና ጀሪካኑ

ከባሌ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ባለቤቴ ጸዳለ ግን እስካሁን "ካፖርት ያዝ ስልህ ምን ብለኸኝ ነበር?" ማለቷን አልተወችም። ያልኳትን አልረሳሁም። "ሰው የሚኖርበት አገር ብርድ ሰው አይገድልም" ነበር ያልኩት። የአዳማ ሰው ብርድን የሚያውቀው ማቀዝቀዣ ሲከፍት ብቻ ስለሆነ አይፈረድብኝም። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ባሌን ላላያችሁ፣ ምናልባትም ለማታዩ ነው። ድንገት መንገዱ ከቀናችሁ ግን ካፖርት ያዙ።

አስቀድሜ የሄድኩበትን ጉዳይ ልናገር። ሠላሳ ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ እርጅናን ለሚያጠኑ ሰዎች እየዞርኩ ሽማግሌና አሮጊት እለካለሁ። ጥናቱ በመንትዮች ላይ ነው። ከአንድ ጽንስ ለሁለት የተከፈሉ መንትዮች ከናት ካባት የወረሱት ነገር አንድ ነው። እንግዲህ አንዷ በሰባ ዓመቷ ዳገት እየወጣች ሌላዋ ከወንበር መነሳት ካቃታት፣ ልዩነቱ የመጣው ከዘር ሳይሆን ከኑሮ ነው ይባላል፤ ከምግቡ፣ ከሥራው፣ ከአየሩ። እኩል ካረጁ ደግሞ ዘራቸው ነው ይባላል። ነገሩ ከዚህ በላይ የተወሳሰበ እንደሆነ አለቃዬ ደጋግማ ነግራኛለች፤ እኔ የያዝኩት ይህንኑ ነው።

አለቃዬ ልጄ የምትሆን ተመራማሪ ናት። ስትሸኘኝ፣ "ጋሼ፣ ተለያይተው የኖሩ መንትዮች እንደ ልብ አይገኙም። እነዚህን የባሌዎቹን አደራ። አንዷ ብቻዋን ብትለካ ደግሞ አይጠቅመንም፤ ጥንዱ ይሰረዛል" አለችኝ።

የባሌዎቹ መንትዮች ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ወይዘሮ ድንቂቱ ጎባ ከተማ ተቀምጠው በጽሕፈት ሠራተኝነት ጡረታ የወጡ ናቸው። ወይዘሮ ጫልቱ በወጣትነታቸው ሃረና ጫካ ለሚኖር ሰው ተድረው፣ እዚያው ሰልመው፣ ቡና እየለቀሙና ማር እየቆረጡ ይኖራሉ። በመካከላቸው የሳነቴ ተራራና ሃምሳ ዓመት አለ።

ማክሰኞ

ከአዳማ ስንነሳ ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። ዕቃዎቼን፣ ማለትም የደም ግፊት መለኪያውን፣ የእጅ ጉልበት መለኪያውንና የጣት አሻራ ቀለሙን፣ የሻንጣዬ ዚፕ ስለተበላሸ በፓስታ ካርቶን አድርጌ በሲባጎ አስሬ ነበር። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ጫነው። "ይሰበራል?" ሲለኝ "ከኔ የባሰ አይሰበርም" አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀልኝ፤ ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ አፌ ልጓም የለውም፤ ይህ በኋላ ጣጣ አምጥቶብኛል።

አሰላን አልፈን፣ በቆጂን አልፈን፣ ዶዶላ ላይ ምሳ በላን። የዶዶላው ጥብስ ከአዳማው ይበልጣል፤ ዋጋውም፣ ሥጋውም፣ አሳላፊዋም ረጋ ያሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ብቻ ሆነ። እኛ ጋ ንፋስ ሲመጣ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ግን ባዶ እጁን መጥቶ አጥንት ይፈልጋል። ዲንሾ ስንደርስ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ግማሹን አነሱና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። እስከ ሮቤ ድረስ ከማላውቃቸው ሰው ጋር በአንድ ጋቢ ሄድኩ።

ሮቤ አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን ገባሁ። ካርቶኔን ስፈታ ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ደርዘን የሻይ ብርጭቆዎች አሉ። ክው አልኩ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ጩኸቴን ሰምተው መጡና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አይተው፣ "ጥሩ ዕቃ ነው። የርስዎ ምን ነበር?" አሉኝ። ስነግራቸው ቁጭ ይበሉ ብለው አጥሚት ሰጡኝና ለአውቶቡሱ ረዳት ደወሉ፤ በአገሩ የማያውቁት ረዳት የለም። ካርቶኔን ይዛ የወረደችው ሴት ብርጭቆ ነጋዴ ነበረች፤ ለነገ ገበያ ወደ ጎሮ ሄዳለች። ወይዘሮ አስቴር ያለ ጭማሪ ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። ከክብደቱ የተነሳ መገላበጥ አልቻልኩም።

ረቡዕ

ጠዋት ከማል መጣ። ከማል የወይዘሮ ጫልቱ ልጅ ነው፤ ሮቤ ላይ ስንዴ ይነግዳል፣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ አለው። መንትዮቹን ለጥናቱ ያስመዘገበው እሱ ነው። የደረሰብኝን ስነግረው ሥራውን ትቶ ጎሮ ወሰደኝ። በመንገድ ላይ የስንዴውን ማሳ እያሳየኝ ጥናቱን ከኔ በተሻለ አስረዳኝ።

"ዶክተር፣ ገብቶኛል እኮ። አንድ ኩንታል ዘር ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ሮቤ፣ ግማሹን ቆላ ትዘራለህ። ሲደርስ ታስተያያለህ። ያ አይደል?"

"ያው ነው። ግን እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ" አልኩት።

"እሺ ዶክተር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ማረም ተውኩ።

ጎሮ ገበያ ስንደርስ ነጋዴዋን መፈለግ አላስፈለገንም፤ ሰው ከቧት ነበር። የእጅ ጉልበት መለኪያዬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ጨምቀው ቁጥሩን አይተው ደርሰውበታል። የጣት አሻራው ቀለም ደግሞ አልቋል፤ የገበያው ሕፃን ሁሉ አውራ ጣት ሐምራዊ ሆኗል። ነጋዴዋ ብርጭቆዎቿን ቆጥራ ተቀበለችኝና፣ "ያንተ ዕቃ ከኔ ዕቃ የበለጠ ገበያ አለው" አለችኝ። የአተር ሳምቡሳም ገዝታ አበላችኝ፤ ረቡዕ ስለሆነ፣ ሳልነግራት ጾመኛ እንደሆንኩ ገምታ ነው።

ጥምጣም ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ጎረምሶቹን ሁሉ በጉልበት በልጠው ተኮፍሰው ቆመዋል። ወደኔ ዞር ብለው፣ "ዶክተር፣ ቁጥሩ ያነሰበትስ ሰው ምን ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ።

ምንም አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ትክክሉ እሱ ነው። ነገር ግን ሃምሳ ሰው አፌን ያያል። "ያነሰበትማ ልጆቹ ጠቅልለው ይወስዱታል፤ ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብሎ መጦር ነው!" አልኩ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከማል ብቻ አልሳቀም።

ስንመለስ፣ ከጎሮ እንደወጣን፣ "አባቴ ከሞተ ወዲህ አዮ ብቻዋን ናት" አለኝ። አዮ የሚላት እናቱን ነው። "ባለፈው ክረምት ድጥ ላይ ወድቃ ሦስት ቀን ተኛች፤ ለማንም አልተናገረችም። ጎረቤት ነው የደወለልኝ። ነይ ሮቤ ስላት እምቢ፤ ለምኛት እምቢ። አሁን ግን ሐኪም ይለካሽና ቁጥርሽ ካነሰ ትመጫለሽ፣ ካላነሰ አፌን እይዛለሁ ልላት ነው። እርስዎም ጎሮ ላይ ያሉት ይኸንኑ ነው።"

"ከማል፣ እሱ ቀልድ ነበር። ቁጥሩም የሷ ነው እንጂ ያንተ አይደለም፤ እኔ ለማንም አልናገርም" አልኩት።

"እሷ ራሷ ትነግረኛለች። አዮ አትዋሽም" አለና መኪናውን አቁሞ ደወለላት። በኦሮምኛ ነው የተነጋገሩት፤ የአዳማ ልጅ ስለሆንኩ እሰማለሁ። በመጨረሻ ከወዲያ በኩል "ኤዬ" የሚል ቃል መጣ። እሺ ማለት ነው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል የተባለው ለኔ ነው። በቀልዴ አንዲት የማላውቃትን ሴት ከቤቷ ላስነሳት ነው አልኩ በልቤ።

ሐሙስ

ጎባ ከሮቤ ይበርዳል። የሮቤ ሰው ለጎባ ሰው ያዝናል፣ የጎባ ሰው ደግሞ በአቧራው የተነሳ ለሮቤ ሰው ያዝናል። እኔ ለሁለቱም አዘንኩ።

ወይዘሮ ድንቂቱ ትልቅ አረንጓዴ ካፖርት ለብሰው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ልክ ዳኛ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰናድተው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። በክፍላቸው ጥግ ላይ አንድ የጽሕፈት መኪና በጥልፍ ዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። ምሳቸው ሻይና ዳቦ እንደሆነ ገባኝ፤ ራታቸውም እንደዚያው። ለኔ ግን ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ ከጎረቤት አሠርተው ነበር።

"ይብሉ እንጂ፤ አዳማ ይህን ያህል ያስርባል?" አሉኝ።

"አዳማ ሙቀቱ ያጠግባል" አልኳቸው።

"ታዲያ እኛ ጋ ብርዱ ያጠግባል፤ እኔ ከበላሁ ቆየሁ" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሲቆይ ግን ቀልድ አለመሆኑ ታወቀኝ።

መለካት ጀመርን። በቀኝ እጃቸው አሥራ አራት ኪሎ ጨመቁ፣ በግራ አሥራ ሦስት። ለዕድሜያቸውም ያነሰ ነው። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳት የሚባል ነገር አለ፤ በሦስተኛው ላይ ወንበሩን ያዙ። ቃላት ማስታወስ ላይ ግን አሥር ቃል ነግሬያቸው ዘጠኙን መለሱልኝ፤ ቅጹ ላይ የነበረ የፊደል ግድፈትም አረሙልኝ።

"ስንት አመጣሁ?" አሉ።

"ይህ ፈተና አይደለም፤ ልኬት ነው።"

"ማለፊያው ስንት ነው?"

"ማለፊያ የለውም፣ እትዬ።"

"ማለፊያ የሌለው ፈተና አላውቅም" አሉና መነጽራቸውን ወለወሉ። ቆየት ብለው፣ "ለጫልቱስ? ያው ጥያቄ ነው?" አሉኝ።

"ቃል በቃል ያው ነው" አልኳቸው። እንዲህ ያለ መልስ ለተማሪ እንደማይሰጥ ማንም መምህር ያውቃል።

ከማል በሞላልኝ ቅጽ ላይ የሁለቱን የትምህርት ደረጃ አየሁ። ወይዘሮ ድንቂቱ ስምንተኛ ክፍልና የጽሕፈት ትምህርት፤ ወይዘሮ ጫልቱ ሰባተኛ ክፍል። የጫካዋ እኅትም እንዲህ መማራቸው ገረመኝና ተናገርኩ። ወይዘሮ ድንቂቱ ፈገግ አሉ። "ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ሰባት ዓመት አንደኛ ነው የወጣችው" አሉ። ከዚያ ነገ አብረውን እንደሚሄዱ ነገሩን። ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ እኅታቸውን ካዩ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ዓርብ

ሳነቴን ያቋረጥኩት አበባ ባለበት የሴት ሻርፕ ተጠቅልዬ ነው። ወይዘሮ ድንቂቱ ናቸው ያለበሱኝ፤ እምቢ ለማለት ከንፈሬ አልታዘዘኝም። ከላይ ሜዳው ራቁቱን ነው፤ ዛፍ የለም፣ ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አየኝ። ሰዎች እሱን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ እሱ ደግሞ ሻርፔን ሲያይ ቆይቶ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ መኪናው አፍንጫውን ወደታች ደፋና ጫካው ዋጠን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት ገባን፤ አየሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳማን አዳማን አለኝ፣ አቧራው ሲቀነስ። ዛፎቹ ጺም አላቸው። ቀፎዎቹ ሰው ይደርስባቸዋል በማይባል ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅለዋል።

ስንደርስ ዝናብ ነበር። ወይዘሮ ጫልቱ ከበሩ ወጥተው እኅታቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ፤ ተቃቅፈው እያለቀሱም እየሳቁም ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ፊታቸውን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። ከማል የጁምዓ ሶላት ሊደርስበት ስለሆነ "ይጀምሩ፤ እመጣለሁ" ብሎኝ ወደ መስጊድ ሄደ። ውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁ። ብዙ ቆዩ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ጫልቱ ሒጃባቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ወጡ። "ድንቂቱ መንገዱ አዙሯት ተኝታለች" አሉ ባጭሩ፣ በኦሮምኛ። ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ መስኮቱም አንድ ነው። ቅጹን ስሰጣቸው ብዕር ተቀብለው ባማረ እጅ ጽሑፍ ፈረሙ። የሰባት ዓመት አንደኛ አልኩ በልቤ።

የእጅ ጉልበት፦ ቀኝ አሥራ አራት፣ ግራ አሥራ ሦስት። ልቤ ዘለለ። ከወንበር መነሳት፦ በሦስተኛው ወንበሩን ያዙ። ቃላት፦ ዘጠኝ! ሃምሳ ዓመት አንዷ ብርድ ላይ ሻይ ስትጠጣ፣ ሌላዋ ጫካ ውስጥ ማር ስትበላ፣ በአንድ ኪሎ እንኳ አልተለያዩም። ዘር ነው! ሁሉም ነገር ዘር ነው! ለአለቃዬ የምልከውን መልእክት በልቤ መጻፍ ጀመርኩ። የመነጽር ምልክት አፍንጫቸው ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ እምላለሁ አይቼዋለሁ። ጠዋት ሙሉ አብሬያቸው በአንድ መኪና የተቀመጥኩትን ሴት ግን አላወቅኳቸውም። ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ ስል እንዳታምኑኝ።

ቁጥሮቹን ካየሁ በኋላ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ለጥናቱ የሚያስደስተው ቁጥር ለወይዘሮ ጫልቱ ክፉ ነበር። እሳቸውም ፊቴን አነበቡና "አነሰ?" አሉ። መለኪያዬን ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩ። ሒጃቡን ዝቅ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከማል ሲመለስ እሱም ፊቴን ነው ያየው። "አነሰ አይደል?" አለ። የሷን ቁጥር እሷን ጠይቃት አልኩት፤ ግን ፊቴን መደበቅ አልቻልኩበትም። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ አላለውም። መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመና ወደ ዳገቱ ያይ ጀመር። ከዚያ፣

"አዮ ለምንድነው የአክስቴን ካፖርት የለበሰችው?" አለ።

ሄጄ አየሁ። አረንጓዴው ካፖርት በዝናቡ ውስጥ ዳገቱን እየወጣ ነው። በካፖርቱ ጀርባ ላይ፣ በገመድ የታሰረ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን አለ። ሙሉ ነው፤ በየእርምጃው ውሃ ጠብ ይላል። ካፖርቱ አይንገዳገድም፣ አያርፍም፣ እንዲያውም ይዘፍናል።

"ወይዘሮ ድንቂቱ ናቸው እኮ" አልኩት።

"ዶክተር፣ እናቴን አላውቅም?"

ከማል ይህን ሲል የውስጠኛው በር ተከፈተ። ወይዘሮ ድንቂቱ በእኅታቸው ቀሚስ፣ ሒጃቡን አንገታቸው ላይ አውርደው፣ መነጽራቸውን ሰክተው ወጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጀሪካኑም በዋናው በር ገባ። ወይዘሮ ጫልቱ አወረዱት፣ ሁላችንንም አዩን፣ "ማል ተኤ? ምን ሆናችሁ?" አሉ። ከዚያ የለበሱትን የእኅታቸውን ካፖርት አዩ። "ያ ረቢ!" ብለው አፋቸውን ያዙ። ቁጭ ማለት አቅቷቸው በጓሮ በር ሾልከው ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር።

ጉዱ እንዲህ ነው። ልጆች ሳሉ አባታቸው ሁለቱንም ሊያስተምራቸው ቆረጠ፤ ግን ቤቱ ውሃ ቀጂ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዷን ጠዋት፣ ሌላዋን ከሰዓት ፈረቃ አስመዘገበ፤ ትምህርት የሌላት ውሃ ትቀዳለች። ድንቂቱ እንስራ ትጠላለች፤ ጫልቱ ወንበር ላይ መቀመጥ ትጠላለች። ተስማሙ። ድንቂቱ ጠዋት በራሷ ስም፣ ከሰዓት በጫልቱ ስም ተማረች፤ ጫልቱ ጠዋትም ከሰዓትም ውሃ ቀዳች። ሰባት ዓመት! ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚኒስትሪ ፈተና ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ጠራቸውና ጫልቱ "ታመመች"። ትምህርቷ በዚያው አበቃ። አንዲት ፊደል አታውቅም።

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይተውም። ከማል ረቡዕ ደውሎ "ትለኪያለሽ" ሲላት፣ ጫልቱ የምታውቀው መፍትሔ አንድ ነበር፤ ፈተና ከሆነ ድንቂቱ ትፈተንላት። ማታውኑ ደወለችላት። ከተማ የተቀመጠች፣ የተማረች፣ ሐኪም አጠገብ የኖረች ድንቂቱ አይደለችም እንዴ? ከሁለቱ የጠነከረችው እሷ ትሆናለች ብለው ሁለቱም ከልባቸው አምነው ነበር።

ከማል በሳቅ ፈርሶ መሬት ተቀመጠ። ወይዘሮ ጫልቱም ሳቁ። ወይዘሮ ድንቂቱ ግን አልሳቁም።

"ሰባት ዓመት በስሟ ተፈትኜ አንድ ቀን አልጣልኳትም" አሉ። "ዛሬ ጣልኳት።"

ወይዘሮ ጫልቱ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። ያዝ አደረጉና ፈተሹት፤ ልክ ሙቅ ድንች እንደያዘ ሰው በቀስታ። "እጅሽ ምን ሆነ?" አሉ። "ድንቂ፣ እጅሽ ምን ሆነ?" አሁን ሁላችንም የምናየው እሱን ነበር። የጎሮው ቀልድ የኔ እንደነበረ፣ ማንም ሰው በቁጥር ምክንያት ከቤቱ እንደማይነሳ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኩ።

"አሁንስ እኔን አትለካኝም?" አሉኝ ወይዘሮ ጫልቱ።

የጣት አሻራው ቀለም ጎሮ ላይ ስላለቀ በቃላቸው ተስማሙ፤ ከማል ምስክር ሆነ፤ ቅጹ በኋላ እንዲላክልኝ ተነጋገርን። ቀኝ ሃያ ስድስት፣ ግራ ሃያ አምስት። ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሱ ስላቸው ስምንት ጊዜ ተነሱ፤ ያዝኳቸው እንጂ ይቀጥሉ ነበር። አሥሩን ቃል፣ ሁሉም የቤት ዕቃ ነው፣ በኦሮምኛ ሳነብላቸው ስድስት መለሱ፤ ያላነበብኩትን "ጨው" እና "ማር" ደግሞ ከራሳቸው ጨመሩ። "የቤት ዕቃ ስትቆጥር ጨው ትረሳለህ?" ብለው እኔኑ ወቀሱኝ።

"ወላሂ አዮ፣ አሸነፍሽ። እዚሁ ኑሪ" አለ ከማል። "ግን ድጡስ? እንደገና ወድቀሽ ሦስት ቀን ብትተኚስ? ብቻሽን ነሽ እኮ።"

ወይዘሮ ጫልቱ የእኅታቸውን እጅ አልለቀቁም። "ሰው ጭነህ ልትሄድ ነው የመጣኸው?" አሉት። "እንግዲያው አራግፈህ ሂድ።"

ወይዘሮ ድንቂቱ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ቤተክርስቲያናቸው፣ ስለ መድኃኒታቸው ብዙ ምክንያት ደረደሩ። ከማል መድኃኒቱን በየወሩ አመጣለሁ አለ። ቤተክርስቲያንም በቅርቡ መንደር፣ ሪራ አካባቢ፣ አለ ተባለ። ጾማቸውን በተመለከተ ወይዘሮ ጫልቱ፣ "ሃምሳ ዓመት በጾምሽ ቀን ሥጋ በልቼብሽ አላውቅም፤ ድስትሽን ለብቻ አደርግልሻለሁ" አሉ። ዓርብ ስለነበር ለሁለታችን ጾመኞች ገንፎ በማር ሠርተው አበሉን። ወይዘሮ ድንቂቱ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። እያየኋቸው አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ ጭሱ ነው አልኩ።

ቅዳሜ

ከማልና እኔ ብቻ ተመለስን። ወይዘሮ ድንቂቱ "ዝናቡ እስኪያባራ" ነው የሚቀሩት፤ ሃረና ዝናብ መቼ እንደሚያባራ የጠየቀ አልነበረም። ሻርፑን ልመልስ ስል፣ "ሳነቴ ላይ ምን ሊለብሱ ነው?" ብለው መልሰው ጠመጠሙብኝ። ቀበሮው ግን በዚያ ቀን አልነበረም።

እሁድ

አዳማ ስገባ ሙቀቱ እንደ ዘመድ ተቀበለኝ። ጸዳለ ሻርፑን አየች፣ አበባውን አየች፣ እኔን አየች። ለማስረዳት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ለአለቃዬም ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት። የውሸቱን ቅጽ ሰርዛ እውነተኛውን መዘገበች። "ጋሼ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግመን ስንለካቸው ተለያይተው የሚኖሩ አይሆኑማ!" ብላ ራሷን ያዘች። ከዚያ ሳቀች። "ግድ የለም። ኑሮ ሲለወጥ ሰው ምን እንደሚሆን እናያለን" አለች። የቀረን የወይዘሮ ጫልቱ የጣት አሻራ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከባሌ በመጣ አውቶቡስ ፖስታ ደረሰኝ። ቅጹ ነው። የጣት አሻራ በሚደረግበት ሳጥን ውስጥ አሻራ የለም። በእርሳስ ተጽፎ፣ ተፍቆ፣ እንደገና በብዕር የተጻፈ ሦስት ፊደል አለ፤ "ጫ" ዘመም ብላለች፣ "ል" ከመስመር ወጥታለች፣ "ቱ" ቦታ አጥሯት ጥግ ላይ ተጣብቃለች። ሰባት ዓመት አንደኛ የወጣችው ተማሪ የመጀመሪያ ፊርማ ነው።

ቅጹን ስገለብጠው ጀርባው ላይ በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

"ዶክተር፣ ከምንጩ እስከ ደጃፍ አምስት ሊትር፣ ሳላርፍ። ማለፊያው ስንት እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገሩኝም።"